ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ዓምዶች

አባቴ ግንበኛ ነበር። ድንጋይ ካስቀመጠ በኋላ ቱምቢውን ጥሎ ክሩን ሳያይ ሌላ ድንጋይ አያነሣም። ምሳ ሳደርስለት ክሩን ያስይዘኝና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከማዕዘኑ ይመለከት ነበር። ከእሱ ርስት አልወረስኩም፤ ዘንባላ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አለመቻልን ግን ወርሻለሁ። ሰው ቤት ገብቼ የተንጋደደ ሥዕል ካየሁ እጄ አያርፍም። ይህን የምጽፈው በኋላ ያደረግሁትን ለማመካኘት ሳይሆን፣ ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰ ግልጽ እንዲሆን ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ አንድ አዛውንት እንከባከብ ነበር። ሥራው ሆም ኬር ይባላል። ጠዋት በሁለት ሰዓት እገባለሁ፤ ቁርስና ምሳ እሠራለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን እይዛለሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ አውቶቡሴን ይዤ እመለሳለሁ።

አዛውንቱ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች መጥተው ሪችመንድ መርከብ መሥሪያ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሕንፃ ንድፍ ሲያነሡ ኖሩ። ሌላው ሰው ሕንፃውን ያስበዋል፤ እሳቸው በመስመርና በልክ ወረቀት ላይ ያወርዱታል። ከግርጌ የሚፈርመው ያው ሌላው ሰው ነው። ይህን ሲነግሩኝ ቅሬታ አልሰማሁባቸውም። ቀልድ ይወዱ ነበር።

«ስም አለኝ እኮ» ይሉኛል።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን በስሜ አትጠሪኝም? ሚስተር ስትዪኝ የኢንሹራንስ ሰው በሩ ላይ የቆመ ይመስለኛል።»

«አይሆንልኝም» እላለሁ። እስከ መጨረሻውም አልሆነልኝም።

ጋራዡ ውስጥ መኪና አልነበረም። በመካከሉ አልጋ የሚያህል ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ የእንጨት ቤተ መቅደስ ነበረ። ጥንት ግሪኮች አቴንስ ላይ ከእብነ በረድ የሠሩት፣ ፓርቴኖን የሚባለው ነው። አዛውንቱ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አብረው አንድ ጊዜ እዚያ ሄደዋል። አራት ቀን ነበራቸው። ሚስትየው በሁለተኛው ቀን ሰልችቷቸው ገበያ ወጡ፤ እሳቸው ግን አራቱንም ቀን እዚያው ድንጋዩ ሥር ዋሉ። ጡረታ ሲወጡ ጀመሩትና ስምንት ዓመት ሠሩት።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ዓምዶቹን ቆጠርኩ። ከፊትና ከኋላ ስምንት ስምንት፣ በጎንና በጎን ዐሥራ ሰባት ዐሥራ ሰባት፤ የማዕዘኖቹ ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠሩ በጠቅላላው አርባ ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ከስንዝር አይበልጥም። በእያንዳንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ሃያ ቦይ ተፈልፍሏል። በልቤ ሳባዛው ዘጠኝ መቶ ሃያ ቦይ ሆነ፤ ያንን ሁሉ በአንዲት ትንሽ መሮ በእጃቸው ያወጡት ነው። እኔ ለሰው ሥራ ቶሎ አልደነቅም። ያን ቀን ግን መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ሲሚንቶ ምን ነበር የሚጠቀሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም።»

«ጭቃስ? ኖራ?»

«ምንም አልኩሽ። ድንጋይን ከድንጋይ ጋር እስኪገጥም ፈገፈጉት። ግድግዳው ላይ ግን ድንጋዮቹን በብረት አያይዘው እርሳስ አቅልጠው አፈሰሱበት፣ ብረቱ እንዳይዝግ።»

አባቴ ይህን ቢሰማ ባላመነ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ሕዝቡ ለጸሎት የሚቆመው የት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ውስጡ ጠባብ ነበረ፤ በመካከሉ ያለው ክፍል ግሪኮቹ የሚያመልኳት ሴት ጣዖት የምትቆምበት ነው፤ ከኋላውም አንድ ዕቃ ቤት አለ።

«ውጭ ነዋ» አሉ። «መሥዋዕቱም ውጭ፣ ሕዝቡም ውጭ። ቤቱ የእሷ እንጂ የሰው አልነበረም።»

«እኛም አብዛኛው ሰው ቅጥር ግቢው ውስጥ ነው የሚያስቀድሰው» አልኳቸው። «መቅደሱ ውስጥ የሚገባው ካህን ብቻ ነው።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ ‹ወንበሮቹ የታሉ?› ነው የሚለኝ። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ ጋራዡን ስጠርግ አብረውኝ ይቀመጡ ነበር። ዓምዱ ወገቡ ላይ ትንሽ ወፈር የሚለው ለምን እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ ጭነት የተሸከመ ክንድ ያብጣል አሉ። ጣሪያው በእብነ በረድ ክዳን እንደ ተሸፈነም ነገሩኝ። እሳቸው እያንዳንዱን ክዳን ከቀጭን እንጨት ቆርጠው ደርድረውታል። በእኔ ጊዜ የዓይናቸው ብርሃን ደክሞ ነበር። መስኮትና ጥላ ይለያሉ፤ ፊት አይለዩም። የቆረጡትን ሁሉ የቆረጡት ሲያዩ ነው፤ አሁን በጣታቸው ብቻ ይዳብሱታል። አንዱም ነገር በኮላ አልተጣበቀም ነበር። ዓምዶቹ በየቦታቸው ቆመው፣ በላያቸው ረጅሙ አግዳሚ፣ በአግዳሚው ላይ ጣሪያው ተቀምጧል። ሁሉ ነገር ሳያልቅ ኮላ አይነካውም ይሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጃቸው አባቷን ወደ ራሷ ልትወስድ ወሰነች። ቤቱ ሊሸጥ ነው። የእሷ አፓርታማ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ለዚያ ጠረጴዛ ቦታ የለውም። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጠይቀው አንፈልግም ብለዋል። የቀረው አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ከዚያ አንዲት ሴት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥታ ልታየው ቀጠሮ ያዘች።

«እምቢ ካለችስ?» አልኳቸው።

«ጥሩ እንጨት ነው። ቤቱን የሚገዛው ሰው ምድጃ ላይ ያነደዋል» አሉ። ያን ቀን ምሳቸውን አልጨረሱም።

እንግዲህ ሰው ሊያየው ነው ብዬ በዚያ ሳምንት ሰኞ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ጀመርኩ። ከማዕዘኑ ጎንበስ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። የፊተኛው ረድፍ ልክ አልመጣልኝም። ክር ፈልጌ የቤቴን ቁልፍ ጫፉ ላይ አሰርኩና ጣልኩት። ዓምዱ ወደ ውስጥ ዘንብሏል። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ስምንቱም። ከዕቃ ሣጥናቸው ውሃ ልክ አውጥቼ ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ወለሉም መካከሉ ላይ ተነፍቷል። እርጥበት ገብቶታል አልኩ። ዓምዶቹን ደግሞ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ያቆሟቸው መሰለኝ። በየጠዋቱ በጣታቸው እየዳበሱ «ጥሩ ነው» ይሉ የነበረው ትዝ አለኝ።

ቤት ስገባ አንድ አፓርታማ የምንጋራ ጓደኛዬ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ ፊቴን አየችው።

«ምን ሆነሻል? ሺፍት ቀየሩብሽ እንዴ?»

«አይ። የሽማግሌው ሥራ ዘንብሏል። ሐሙስ ሰው ሊያየው ነው።»

«ለልጃቸው ኮል አድርጊላት።»

«ልጃቸው ፊት ላዋርዳቸው?»

ጫማዋን እያወለቀች አሰበች። «እሱስ ልክ ነሽ። የሽማግሌ ገበና ይሸፈናል እንጂ አይወራም። አንቺ የግንበኛ ልጅ አይደለሽ? ዝም ብለሽ አቃኚላቸው።» ቀጥላም፣ «እኔ በቀን ዐሥራ አራት አልጋ ሳቃና ማን አመስግኖኝ ያውቃል!» አለች።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ፣ ጋራዡ ገባሁ። የፊተኛውን ጣሪያና አግዳሚ አንሥቼ ስምንቱን ዓምዶች አወጣሁ። ጠረግኋቸው። ከሻይ ካርቶን ቀጫጭን ቁራጭ ቆርጬ ከየሥራቸው እየሸጎጥኩ በክሩ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለ መሰሉኝ የትኛው ከየት እንደ ተነሣ አላስታወስኩም። አንደኛው አልቃና ሲለኝ ሥሩን በጥፍር ሞረድ ሞረድኩት። አግዳሚውን ስመልሰው የዓምዶቹ ራስ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ አለ። አግዳሚውንም አሳስተው ቆርጠውታል ብዬ ደግሜ አዘንኩላቸው። ሥራዬን ግን አየሁትና አልከፋኝም። አባቴ አያፍርብኝም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው ወደ ጋራዡ አደረስኳቸው። በጣታቸው ከኋላ ጀምረው በጎኑ እየዳበሱ ወደ ፊት መጡ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። የዓምዱን ራስ ዳበሱ፣ አግዳሚውን ዳበሱ፣ እንደገና ራሱን ዳበሱ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አድርገሽ?»

«ዘንብሎ ነበር። አቃናሁት።»

ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«በምን አየሽው?»

«በክርና በቁልፍ።»

«እኔ አራት ቀን ሙሉ እዚያ ቆሜ አላየሁትም» አሉ። «አገሬ ተመልሼ መጽሐፍ ላይ ነው ያገኘሁት። ልጄ፣ ግሪኮቹ ሆን ብለው ነው ያዘነበሏቸው። አርባ ስድስቱንም። ወለሉንም ሆን ብለው ነው መካከሉን ከፍ ያደረጉት። በድንጋዩ ላይ ያለው ዝንባሌ ከአንድ ጣት ርዝመት አይበልጥም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ትንሽ ልክ ስለማይታይ እኔ ሦስት እጥፍ አደረግሁት።»

«ለምን አዘነበሉት?» አልኩ።

«እሱን የተማሩት ይጣሉበት። አንዱ ዓይን እንዳይታለል ነው ይላል፤ አንዱ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ነው ይላል፤ ወለሉን ደግሞ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ነው የሚል አለ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሁሉም መስመር ቀጥ ቢል ኖሮ ሣጥን ይሆን ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አየሁ ካልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«አሁንስ አላፈርኩም? ስለዚህ ዕውር ጅል ሽማግሌ ነው ብለሽ አስበሻል።»

«ጅል አላልኩም» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም፤ ሴትየዋ በስምንት ሰዓት ትመጣለች። ስምንቱን ዓምዶች አውጥቼ ፎጣ ላይ ደረደርኳቸው። ያን ጊዜ ነው የባሰው የታወቀው። ዓምዶቹ አንድ አልነበሩም። የማዕዘን ዓምዶች ትንሽ ወፍራም ናቸው፤ የእያንዳንዱም ሥር በሚቆምበት ቦታ ልክ ገደድ ተደርጎ ተቆርጧል። ቁጥር አልተጻፈባቸውም፤ የሚያውቋቸው ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ እያነሡ በአውራ ጣታቸው ሥሩን እያዞሩ «ይህ ከግራ ሦስተኛ ነው፤ ቦዩ ወደ አንቺ» ይሉኛል፤ እኔ አቆማለሁ፤ በክር ለክቼ ስንት እንደ ሆነ እነግራቸዋለሁ። ጣት የእሳቸው፣ ዓይን የእኔ ሆነ። መኪና ደጃፉ ላይ ሲቆም አምስት ቆመው ሦስት ፎጣው ላይ ነበሩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሴት ቀጭን፣ ፈጣን ሰው ነበረች። የጋራዡን በር በሜትር ለካች፣ ጠረጴዛውን ዞረች፣ ክፍት ቦታው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አላለቀም ማለት ነው?»

«አልቆ ነበር» አሉ አዛውንቱ። «ይህች ሴት ጠማማ መስሏት አቃናችው።»

መሬት መሬት አየሁ። እኔ የእሳቸውን ገበና ልሸፍን ሁለት ቀን ለፋሁ፤ እሳቸው የእኔን በአንድ ቃል አወጡት። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ አይደረግም። በድምፃቸው ውስጥ ግን ክፋት አልነበረም። ከፎጣው አንዱን ዓምድ አነሡና ሰጡኝ። «ግራ ማዕዘኑ ላይ አቁሚው፤ እንደ ራስሽ አድርገሽ፣ ቀጥ አድርገሽ» አሉኝ። ካርቶኔን ሸጉጬ አቆምኩት። ከዚያ ለሴትየዋ፣ «ከዚህ ጫፍ ቁጢጥ በይና እይ» አሏት።

ቁጢጥ አለች። እኔም ከኋላዋ ጎንበስ አልኩ።

ቀጥ ያለው ዓምድ ወደ ውጭ ሊወድቅ የደረሰ ይመስል ነበር። በክር የለካሁት ራሴ ነኝ፤ ቀጥ ያለ ነው። ሌሎቹ አምስቱ ግን ሸክም ወደ መካከል እንደ ያዘ ሰው ጠንክረው ቆመዋል፤ እሱ ብቻ ከማኅበሩ የተባረረ መሰለ። ያን ጊዜ የሠሩት ሰዎች ምን እንዳዩ አየሁ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ግንበኞች ናቸው፤ ቱምቢ ነበራቸው። ቱምቢውን ካወቁት በኋላ ደግሞ ትንሽ አልፈውት ሄዱ።

ሴትየዋ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። ሰኞ መኪና እልካለሁ አለች፤ ነገር ግን ሁሉም ቆሞ፣ በኮላ ተጣብቆ ከጠበቀኝ ነው፤ መንገድ ላይ የሚበታተን ነገር ልረከብ አልችልም አለች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሠራን። ሰባቱ ገቡ፤ ከፊተኛው አግዳሚና ጣሪያ በቀር ሌላው ሁሉ ተጣበቀ። የቀረው እኔ በጥፍር ሞረድ የሞረድኩት፣ የግራ ማዕዘኑ ነበር። የማዕዘን ዓምድ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ስለሚያዘነብል ሥሩ በሁለት በኩል ነው የሚገደደው፤ ያንን ነው ያጠፋሁት። እንደገና በጥቂት በጥቂቱ መሞረድ ነበረበት። ዐሥር ሰዓት አልፎ አልጨረስንም።

ቅዳሜ ልጃቸው በጠዋት መጣች። «ፓፓ፣ ትራፊኩ ሳይጀምር እንሂድ» እያለች ሻንጣ ታወጣለች።

«አንድ ዓምድ ቀርቶኛል።»

«ፓፓ፣ አርባ አምስቱ አይበቃም?»

«ለምንም አይበቃም» አሉ። ትንሿን የእንጨት ሞረዳቸውን በእጄ ላይ አስቀመጡ። ቁልፉ እስከ ሰኞ እኔ ጋ ነበር፤ ቤቱን አጽድቼ ላስረክብ ነው። መኪና ውስጥ ሲገቡ ክንዳቸውን ያዝኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ነጠላዬን አጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ሞርጄ፣ ሦስት ጊዜ አቁሜ፣ ከቀኝ ማዕዘኑ ጋር በክር አስተያየሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ሳን ሆዜ ኮል አደረግሁ። ወዲያው አነሡት፤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ ይመስለኛል።

«በስንት በኩል ለካሽው?»

«በሁለቱም በኩል። ከቀኙ ጋር እኩል ነው።»

«ክሩ እኩል ይላል። ዓይንሽስ?»

እውነቱን ለመናገር ወደ በሩ በኩል የሆነ ነገር ቅር ይለኝ ነበር፤ ክሩ ልክ ነው ካለ ግን እኔ ማን ነኝ ብዬ ነበር።

«ዓይኔ ትንሽ ይቀረዋል ይላል» አልኩ።

«እንግዲያው ይቀረዋል። ስልኩን አትዝጊው፤ ሂጂና ጨርሺ። እጠብቃለሁ።»

የስልኩን እጀታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ሞረድኩት፣ በጣም በቀስታ። አቆምኩት። ከጫፍ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስምንቱም አንድ ላይ ቆሙ። ክሩን አልጣልኩም።

ስመለስ እየጠበቁኝ ነበር። ትንፋሻቸው ይሰማል።

«አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ኮላውን ቀቢው» አሉኝ።

ቀባሁት። አግዳሚውንና ጣሪያውንም ኮላ ቀብቼ መለስኩበት። ሰኞ በአራት ሰዓት መኪናው መጣ። ሁለት ጎረምሶች ወረዱ፤ አንደኛው ገና ሳያየው በሁለት እጁ ጣሪያውን ሊይዝ ተንጠራራ። እኔ በዚያ አገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ከላይ አትንካው!» አልኩት። «ከሥሩ ነው የሚያዘው፤ ከጠረጴዛው ሥር። ሁለታችሁም ጎንበስ በሉ።»

ጎንበስ አሉ። እስከ መኪናው ድረስ አንድ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አብሬያቸው ሄድኩ።